ቴሌቪዥን ያሸነፈበት መጠይቅ

ቤት ለቤት እየዞርኩ በምሞላው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ላይ «መከላከያ ሠራዊቱን ምን ያህል ያምናሉ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሰው መሰልቸት ሲጀምር ነው። ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር አንድ ላይ። ምርጫው አራት ነው፤ በፍጹም አላምንም፣ በጥቂቱ፣ በመጠኑ፣ በጣም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በአፍሪካ አገሮች የሚጠይቀው ዓይነት።

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ 2014 ዓ.ም። እትዬ ጥያቄውን ሳልጨርስ «በጣም!» አሉ። ጮክ ብለው፣ አጥሩ ማዶ ላለውም እንዲሰማ። ስልጠናው «ለብቻ ጠይቁ» ይላል። በቆርቆሮ አጥር!

«ቴሌቪዥን ዜና ያያሉ?»

«በየቀኑ።»

«ስለ አገር ጉዳይ ከጎረቤት ጋር ይወያያሉ?»

«እኔ? ኧረ በፍጹም! ምን አገባኝ ብዬ!»

ታብሌቱን ዘግቼ ልነሳ ስል፣ «ቡና ደርሶ የት ትሄዳለህ ልጄ?» ጅማ ላይ ይህንን እንቢ ብሎ የወጣ መረጃ ሰብሳቢ አላውቅም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከአቦል እስከ በረካ ወሬው ሠራዊቱ ብቻ ሆነ።

ልጃቸው ሰሜን ዕዝ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዕዙ ሲጠቃ ስልኩ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ማታ ማታ ድል ይነግራቸዋል፣ የልጃቸው ድምፅ ግን የለም። በመጨረሻ አንድ አዛዥ ደወለ። «'ቆስሏል እንጂ አለ፣ ሐኪም ቤት ነው' አለኝ። እነሱን ያመንኩት ያን ቀን ነው» አሉ።

አጠገባቸው የነበረች ሴት ሲኒዋን አስቀመጠች። «ለእኔ ማን ደወለልኝ? ወንድሜ የት እንዳለ አሁንም አላውቅም። እኔን ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ነበር።»

ናሙናው ውስጥ የለችም።

ሁሉንም ማስታወሻ ላይ ጻፍኩት። ማታ ሱፐርቫይዘሩ ደወለ።

«ይሄን ድርሰት አጥፋው። አልወያይም ብለዋል፣ አለቀ።»

«ሦስት ዙር ቡና ሲወያዩ ነበር እኮ!»

«የሚመዘገበው የመለሱት ነው፤ አንተ ያየኸው አይደለም።»

በአሠራሩ ትክክል ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

በኋላ ውጤቱ ሲቀርብ ይኸው ሰውዬ ከረባት አስሮ መድረክ ላይ ወጣ። ቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ሠራዊቱን ይበልጥ ያምናል አለ። የጎረቤት ወሬ ግን ያን ያህል ሚና የለውም። ባለ ቀለም ግራፍም አለው። አንድ እንግዳ «ታዲያ ሕዝቡ እርስ በርሱ አያወራም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «መረጃው የሚያሳየው እንደዚያ ነው» ብሎ መለሰለት። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ መሰለኝ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አበሌ ገና አልተከፈለም ነበር።