ለሦስት የተሠራ ዴስክ

ካፋ ዞን ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አምስተኛ ክፍሌ ጠባብ ነው፣ ተማሪው ደግሞ ብዙ። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አራትም አምስትም ሆነው ይታጨቃሉ። ጥግ ላይ ያለው ዴስክ ላይ ግን አንዲት ልጅ ብቻዋን ትቀመጣለች። የክፍሉን አለቃ ጠርቼ ለምን ማንም አብሯት እንደማይቀመጥ ጠየቅሁት። ጥያቄዬ ራሱ ገረመው። "መምህር፣ ማንጆ እኮ ናት" አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ማንጆዎች ካፋና ሸካ ውስጥ ይኖራሉ። ድሮ በአደን ይታወቁ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ያርሳሉ፣ ማገዶና ከሰል ይሸጣሉ። ካፋ ውስጥ ቋንቋቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው ካፊኖኖ ነው። "ጉሬዛ ይበላሉ፣ ከርከሮ ይበላሉ፣ በክት ይበላሉ" እየተባለ ግን ማዕድ የሚጋራቸው፣ ቤት የሚያስገባቸው፣ ልጁን የሚድርላቸው ጠፍቶ ኖሯል። ምግብ ቢሰጣቸው በቅጠል ነበር። መንገድ ላይ ዳር ይዘው ሌላውን ማሳለፍ ነበረባቸው። የዳውሮ ማንጃዎችም ይኸው ደርሶባቸዋል። በየአገሩ ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ቀጥቃጩም ይህን ቀምሷል።

አንድ ቀን ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ ወደ ሰሌዳ አወጣኋት። ጽሑፏ ያምራል። ጽፋ ስትጨርስ ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ቀጥሎ የወጣው ልጅ ጠመኔውን አየት አደረገና "መምህር፣ ሌላ ይስጡኝ" አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቤቱ ያየውን ነው ያደረገው። "ያለን ይኸው ነው" አልኩት። በሹራቡ እጅጌ ጫፍ ይዞ ጻፈ። እሷ ሁሉንም አይታለች። አቀርቅራ መገልበጧን ቀጠለች።

ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትይዘው። ገጹ ቶሎ እንዳያልቅባት ህዳጉ ላይ ሳይቀር ትጽፋለች። በገበያ ቀን እንጨት ተሸክማ፣ ገበያ አድርሳ ነው ክፍል የምትገባው። ስለዚህ ታረፍዳለች፤ ያረፈደ ደግሞ በር ላይ ይንበረከካል። የእረፍት ደወል ሲደወል ሌላው ይሮጣል፣ እሷ ያመለጣትን ለመገልበጥ ትቀራለች። "መምህር፣ ሰሌዳውን እንዳያጠፉብኝ።" የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። ስለ ዴስኩ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ነባር ባልደረባዬ "እንዲህ ያሉት ስድስተኛ ሳይደርሱ ያቋርጣሉ፣ ድህነት ነው" አለኝ። አልተዋጠልኝም። ደሃማ የሌሎቹም ወላጆች ናቸው። ለእሷ ደብተርና እስክሪብቶ ቢገዛላት ደስ ይለኛል፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ግን ከሱቅ አይገዛም። አባቷ አንድ ቀን ሲመጣ ቢሮ ግባ ተብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወንበር ስቤ ብለምነውም አልተቀመጠም። "እንድትማርማ እፈልጋለሁ" አለኝ። "ተምራ ስትጨርስ ግን ማን አብሯት ቡና ይጠጣል?" መልስ አልነበረኝም።

እሷን ለብቻዋ አንስቼ ሌላ ዴስክ ላይ ባስቀምጣት ዓይን ሁሉ እሷ ላይ እንደሚያርፍ ገባኝ። ስለዚህ የክፍሉን አቀማመጥ በሙሉ በዕጣ አደረግሁት። በየወሩ ይወጣል፤ ጎበዙም ሰነፉም፣ ሴቱም ወንዱም የደረሰው ቦታ ይቀመጣል። ወላጆች ተንጋግተው መጡ። ርዕሰ መምህሩ "ባህላቸው ነው፣ እኛ ምን አገባን" ብሎ ሊያግባባኝ ሞከረ። ስብሰባው ላይ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 አነበብኩ። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ በዘር፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በትውልድ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። እውነቱን ለመናገር አንቀጹ ብዙ ሰው አላሳመነም። ያረጋጋቸው የዕጣው ሥርዓት ነው። ማንም ተለይቶ አልተነካማ። ርዕሰ መምህሩም በኋላ "በቃ፣ ይቀጥል" አለ። ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ሴክሽን ያዘዋወሩ ግን አልጠፉም።

ያ ጠመኔ የጠየቀኝ ልጅ ዕጣው ከእሷ ጋር ጣለው። መጀመሪያ ቦርሳውን መሀል ላይ አደረገ። ፈተና ሲቃረብ ከእሷ የተሟላ ደብተር ያለው እንደሌለ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ቦርሳው መሬት ወረደ፤ ሁለቱ አንድ ደብተር ላይ አቀርቅረው አየኋቸው። ስድስተኛ ክፍል አብረው ገብተዋል።

የውሃ ጣሳው ነገር ግን አልተፈታም። ሌሎቹ በጋራ ጣሳ ይጠጣሉ፣ እሷ ከቧንቧው በእጇ ጠልፋ። ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አጀንዳ አስይዤዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ተቃውሞ እንደሚነሳ ነግሮኛል፤ እኔም አውቃለሁ።