በክረምት ብቻ የምትገኝ ፏፏቴ

ፏፏቴዋን ያሳየኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አይሱዙ እየነዳ የዓባይን በረሃ ስንት ጊዜ እንደወረደና እንደወጣ እሱ ራሱ አይቆጥረውም። ከድልድዩ ወደ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ኩራርን አልፋችሁ ስትወጡ፣ አንዱ ጠመዝማዛ ጋ፣ ከአስፋልቱ ጥግ ትወርዳለች። ስም የላትም። በሐምሌ ትመጣለች፣ ዝናቡ ሲያባራ ትጠፋለች። በበጋ ያለፈ ሰው ገደሉ ላይ ጥቁር ጭረት ብቻ ነው የሚያየው።

"ጋሼ፣ አንዴ አቁምልኝ" አልኩት።

"አስር ደቂቃ።"

ልክ ነው። በክረምት እዚያ መንገድ ላይ ናዳ አለ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ።

ዓባይ ሸለቆ ንብርብር ነው፤ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጀሶ፣ ወንዙ አጠገብ የአሸዋ ድንጋይ። ውሃዋ ከጥቁሩ ጫፍ ትለቀቃለች። ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ አስረዘምኩት። ውሃው እንደ ፈትል ተሳሳበ። ፍንጣሪው ሌንሱን ሲያለብሰው በነጠላዬ ጠርዝ እየጠረግኩ ደገምኩ። ከዚያ ጊዜውን ወደ 1/2000 ሰከንድ አሳጠርኩት። አሁን እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ቆመ። ቀለሙ ጉሽ ጠላ ነው።

አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኝ ነበር። ስክሪኑን አሳየኋቸው።

"ውሃው አያምርም አባቴ?"

ጠጋ ብለው አዩት። "ውሃውስ ደግ ነው። ይኼ ግን አፈሬ ነው" አሉኝ።

ማሳቸው ከገደሉ በላይ ነው። ጤፍ ነው የዘሩት። ጤፍ መሬቱ እስኪልም ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል። የሚዘራው ደግሞ በሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰዓት ነው። ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን ዶፉ ይመጣል። ውሃው እንዳይተኛበት ገበሬው በበሬ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ውሃውን ሲያስወጣ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። እርከን ሠርተዋል፣ አሳዩኝ። ከላይ ያለው ጎረቤት ካልሠራ ግን የሳቸው ብቻ አይበቃም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ይህቺ ትንሽዬ ጅረት የያዘችው ማሳ ነው። መድረሻዋም ዓባይ ነው፣ ከዚያም የህዳሴው ግድብ።

ወንድሜ ክላክስ አደረገ። አስሩ ደቂቃ ሃያ ሆኗል። እኚያ አባት ግንባሬን ስመው መረቁኝ።

ማታ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ፎቶውን በአፕ ነካካሁት። ቡኒውን አጠፋሁት፣ ውሃው ወተት መሰለ። በእውነት ያምር ነበር። ትንሽ አየሁትና ወደነበረበት መለስኩት። የለጠፍኩት እንዳነሳሁት ነው። ቀኝ ጥግ ላይ የምትታየው የዱላ ጫፍ የሳቸው ናት።