ከርስት እስከ ጂን፦ የቃል ጥናቴ የደረሰበት

በባሕር ዳር እየተሰበሰብን የሥነ ሕይወት ቃላትን በአማርኛ ለምናጠና ጓደኞቼ፣ በዚህ ዙር የደረሰኝን «ውርስ» የሚለውን ቃል የተከታተልሁበትን መንገድ አቀርባለሁ።

የጀመርሁት ከግዕዝ ነው። «ወረሰ» ከሚለው ግስ «ርስት» ሲወጣ የመጀመሪያው ፊደል ይወድቃል፤ ከ«ወለደ» «ልደት» እንደሚወጣው ሁሉ። ስለዚህ ውርስ፣ ወራሽና ርስት የአንድ ሥር ልጆች ሲሆኑ፣ ስለ መልክና ስለ ባሕርይ ከመነገራቸው በፊት የመሬትና የንብረት ቃላት ነበሩ። በአውሮፓም እንዲሁ ነው፤ የላቲኑ «ሄሬዲታስ» ሟች ለወራሹ የሚተወው ሀብት ነበር፤ በሕክምናና በሥነ ሕይወት በስፋት የተሠራበት ገና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ሆኖም ቤት ወይም በሬ ለአንዱ ሲደርስ ከሌላው ይጎድላል፤ ወላጅ ለልጁ ያስተላለፈው ባሕርይ ግን ከራሱ ላይ አይቀነስም። በዚህ ረገድ የጎጃም ርስት ከተራ ውርስ ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ፣ ርስት የሚጠየቀው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጀምሮ ትውልድ በመቁጠር ሲሆን፣ ቆጠራውም በአባትም በእናትም በኩል ይሄድ ነበር። በጣና ዳር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘመዴ የእናታቸውን ወገን ከአባታቸው ወገን ሳያሳንሱ ሲቆጥሩ ካዳመጥሁ በኋላ፣ ልጅ ክሮሞዞሞቹን (በሕዋስ ውስጥ ጂኖችን የተሸከሙትን ዘንጎች) ከሁለቱም ወላጆቹ ግማሽ በግማሽ እንደሚያገኝ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አልመሰለኝም። (በእርግጥ ባለርስት የሚያዋጣውን ወገን መርጦ ይሟገታል፤ ፅንስ ግን ምርጫም ሙግትም የለውም።)

«ጂን» (ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው የውርስ ቅንጣት) ወደሚለው ቃል ስሻገር የገረመኝ የዕድሜው ማነስ ነው። የውርስን ሕግ በአተር ያጠናው መነኩሴ ሜንዴል ምርምሩን እ.ኤ.አ. በ1866 ሲያሳትም፣ 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደዱ ፍሬዎችን ቆጥሮ የሦስት ለአንድን ድርሻ ቢያሳይም፣ ቃሉ ገና አልነበረም። እንግሊዛዊው ቤትሰን በ1905 ትምህርቱን «ጄኔቲክስ» ብሎ ሰየመ፤ ትምህርቱ የሚያጠናው ነገር ግን ስሙን ያገኘው በ1909 ነው፤ ጥናቱ ከስያሜው ቀደመ ማለት ነው። ስም ያወጣለት በቦሎቄ ላይ ይመራመር የነበረው ዴንማርካዊው ዮሃንሰን ሲሆን፣ የሆላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ዴ ቭሪስ በ1889 ካቀረበው «ፓንጌን» የፊቱን ቆርጦ ጥሎ «ጌን» የሚለውን ብቻ አስቀረ። ሥሩ ልደትንና ዘርን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ይመዘዛል፤ ዮሃንሰን ግን ቃሉን የወደደው ከማንኛውም መላ ምት ነፃ ይሆንልኛል ብሎ ነው።

በማስታወሻዬ «ዘረመል» (የ«ጂን» የአማርኛ አቻ) እና «ጂን» ጎን ለጎን ቢሰፍሩም፣ እኔ የማዘወትረው ሁለተኛውን ነው። «ዘር» በእኛ ዘንድ የሚዘራውንም፣ ወገንንም፣ የፖለቲካ ክርክርንም ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ዮሃንሰን የፈለገው ባዶነት አይገኝበትም። የምትቃወሙኝ ካላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ እንከራከርበት፤ እኔም እስከዚያ ጋብቻን ከሚከለክለው የ«ሰባት ቤት» ቆጠራ ጋር «አጥንት» እና «ደም» የሚሉትን ቃላት እመረምራለሁ።