የሱሉልታ ማለዳ እና የወተት ደብተሩ

ኅዳር 17 ቀን ምሽት 12 ሰዓት ገደማ አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታን ሚኒባስ ያዝሁ። የሄድሁት በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ላም አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው ያቋቋሙትን የወተት መሰብሰቢያ ለማየት ነበር፤ ርክክቡ የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነም እዚያው ማደር ግድ ሆነብኝ። ረዳቱ መምሸቱን ምክንያት አድርጎ የታሪፉን እጥፍ፣ 60 ብር አስከፈለን። ለእኔ ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ከአጠገቤ የተቀመጡት፣ ቀኑን ሙሉ ጎመን ሲሸጡ ውለው የሚመለሱት እናት ያንኑ ያህል ከመቀነታቸው ፈትተው ሲከፍሉ አይቼ እስክወርድ ድረስ አንጀቴ አረረ። የእንጦጦን ዳገት በጨለማ ስለተሻገርነው የምለው የለኝም።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። በ400 ብር የተከራየሁት ክፍል የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን የተደፈነ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ ያለው መጠጥ ቤት ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አላቆመም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳ በመሆኗ፣ የኅዳር ሰማይ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ነበር። ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ወጥቼ በረንዳው ላይ ስንጎራደድ ያዩኝ የግቢው ዘበኛ፣ «ልጄ፣ እኔ እሳት አለኝ» ብለው የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ሰጡኝ። ጠዋት ገንዘብ ልሰጣቸው ብሞክር እንደ መቀየም አሉ። እኔ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከሦስት ዓመት በኋላም የጎረቤቴን ስም አላውቅም፤ በዚያ ጋቢ ውስጥ ሆኜ ይህን አስቤ አፈርሁ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መሰብሰቢያው በር ላይ ከአርባ የማያንሱ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ አብዛኞቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሴቶች ናቸው። «አካም ቡልታን» እየተባባሉ በኦሮምኛ ይጨዋወታሉ፤ እንግድነቴን ሲያውቁ ወደ አማርኛ መለሱልኝ። ተረካቢው ወጣት ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ወተት እየቀዳ፣ በላክቶሜትር ውኃ አለመጨመሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ቀላቅሎ ይነቀንቀዋል። ወተቱ ከረጋ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነውና አይረከበውም፤ አንድ ሰው ያመጣው የተበላሸ ወተት ከሌላው ጋር ከተደባለቀ የሁሉም ሰው ድካም አብሮ ይበላሻልና።

ዐይኔ እያየ የአንዲት ወይዘሮ ወተት ረጋ። ጭቅጭቅ ይነሣል ብዬ ሠጋሁ። እርሳቸው ግን ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አቅንተው ተመለከቱና፣ «የማታውን ከጠዋቱ ጋር ቀላቅዬው ነው» አሉ። ከኋላቸው የቆሙት ሴት «የሊቀ መንበሩም ባለፈው ሳምንት ተመልሶበታል» ብለው አጽናኗቸው። ሰልፉ ቀጠለ።

ስለ ልማት ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ያሳመነኝ ግን አላጋጠመኝም። ሊቀ መንበሩም ሆኑ አንዲት ላም ያላቸው እናት በአንድ ብልቃጥ ይፈተናሉ፤ በጉባኤም ድምፃቸው እኩል አንድ ነው። የእያንዳንዱ አባል ሊትር በደብተር ተጽፎ ይፈረምበታል፤ ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል፤ የወሩ ገቢና ወጪም ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በእኛ ሕንፃ ለውኃ ፓምፕ መዋጮ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ስንት እንደተሰበሰበ የተለጠፈ ወረቀት አይቼ ስለማላውቅ፣ መክፈል ያቆሙትን ጎረቤቶቼን ለመውቀስ አንደበት የለኝም።

ማኅበሩ ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። የነቢያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን በመድረሴ የገበያው መቀዝቀዝ ከወዲሁ ይታይ ነበር። ላሟ ጾም አታውቅም፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን በተከታታይ ወተቷን ትሰጣለች። በዚህ ጊዜ የተረፈው ወተት ተንጦ ቅቤና አይብ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 20 ሊትር ያህል ወተት ስለሚጠይቅ፣ ሊትሩን በ62 ብር ለሚያስረክብ አርቢ ትርፉ ይሳሳል። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል። ላሞቹ የሚመገቡት የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ ደግሞ የወተቱን ዋጋ እየቀደመ ይሮጣል። ያም ሆኖ የወተት ማኅበር ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚሁ በጎጃም መንገድ ወደ ሰላሌ ሲዘለቅ፣ ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት እገዛ ለአነስተኛ ገበሬዎች የወተት ልማት ሥራ ተሠርቷል።

ሴቶቹ በመካከላቸው ያቋቋሙት ዕቁብ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ዕጣው የወጣላት ሴት ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ እንዳታውለው፣ ሦስት ሆነው አብረዋት ገበያ ወርደው የተዳቀለች ጊደር ይገዛሉ። የሐበሻ ላም በቀን ከ2 ሊትር እምብዛም ስለማትዘል፣ 8 ወይም 10 ሊትር የምትታለብ ድቅል ላም የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ ማለት ናት። ከቀትር በፊት ግቢዋን ያሳየችኝ አንዲት ወጣት እናት፣ ጊደሯን በዚህ መንገድ ካገኘች በኋላ የሰው ልብስ ማጠብ ማቆሟን ነገረችኝ።

ያሳሰበኝ ሣሩ ነው። የሱሉልታ ድርቆሽ በአዲስ አበባ ከብት አርቢዎች ዘንድ ሳይቀር የሚፈለግ ነው፤ በዚያ ሰሞንም ሜዳው በታጨደ ሣር ክምር ተሸፍኖ ነበር። ሆኖም ግጦሹን መጋዘንና የቤት አጥር ከየአቅጣጫው እየቆረሰው ነው። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ከተጠቃለለች ወዲህ የከተማነቷ ነገር ቁርጥ ሆኗል፤ ላሞቹ የት እንደሚቆሙና ምን እንደሚበሉ ግን ከአሁኑ በፕላን ሊያዝ ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ድንጋይ የተነጠፈባቸው የውስጥ መንገዶች መልካም ናቸው፤ ወተቱ ሳይናጥ ይደርሳል።

በቀትር ልመለስ አስቤ የነበረ ቢሆንም የማታውን ርክክብ ለማየት ቆየሁ። 11 ሰዓት ላይ የጠዋቷ ወይዘሮ መጡ፤ በአንድ እጃቸው የአሉሚኒየም ዕቃ፣ በሌላው ልጃቸውን ይዘው ነበር። ወጣቱ ቀድቶ ቀላቀለ፣ ነቀነቀ፤ አልረጋም። ልጁ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «አምስት ሊትር» ሲል ጮክ ብሎ አነበበላቸው።