ጥሩምባው ቀድሞ ቢነፋ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን ፈልጌ አላገኘሁትም። ሰማዩ ሰኔ ከገባ ወዲህ እንደጠቆረ ነው፤ ስብሰባውም እንደ ወትሮው ተጀምሮ እንደ ወትሮው አለቀ። ወይዘሮ ን. «ፊትህ ልክ አይደለም፤ አሞሃል እንዴ?» ብለው ቡና አስመጡልኝ። ቡናውን ጠጥቼ ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁና ከስታዲየም ወደ ፍልውሃ በእግሬ ሄድኩ። መኪና ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝ።

ያቺ ሠንጠረዥ ሳትሆን አትቀርም። በምናረቅቀው የአደጋ ስጋት አመራር ማስፈጸሚያ ማዕቀፍ መጨረሻ ላይ ያለችው፤ ለየአደጋው ማን ምን እንደሚሠራ የምትደለድለው። በግራ የአደጋው ዓይነት፣ ቀጥሎ ዋና ፈጻሚ፣ ቀጥሎ ተባባሪ፣ በስተቀኝ የገንዘብ ምንጭ። ድርቅና ወረርሽኝ ባለቤት አላቸው፤ የ2005ቱ የአደጋ ስጋት አመራር ፖሊሲ እያንዳንዱን አደጋ በዘርፉ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስለሰጠ በእነሱ ላይ ብዙ ክርክር የለም። የከተማ ጎርፍ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ተባባሪ መሆን ይመርጣል። ውሃው ወንዙን ሲሞላ የአንዱ ነው፣ መንገድ ላይ ሲወጣ የሌላው፣ ቤት ሲገባ ደግሞ የሦስተኛው። ዛሬም ያቺ ሳጥን ባዶዋን ቀረች። ባንትይቀጡ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ግን ክረምቱን የሚጠብቁት ሳጥኗ እስክትሞላ አይደለም።

«ወረቀት ሆድ አይሞላም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን የወሎው ረሃብ ካስለቀሰን በኋላ በ1966 ተቋቋመ። የ1986ቱ ፖሊሲ ዕርዳታን ከልማት ጋር አያያዘ፤ መሥራት የሚችል ሰው ሠርቶ እህሉን እንዲወስድ አለ። በ1997 ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ ድጋፍ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ተጀመረ። የ2005ቱ ፖሊሲ ደግሞ አደጋው እስኪመጣ አንጠብቅ፣ ስጋቱን አስቀድመን እንቀንስ ብሎ ተነሣ። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ አደጋው መነሻ አስጠግቶናል። በ2008 ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ ፈልጎ ነበር፤ እንደ ሰባ ሰባቱ ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። ያን ያህል ሰው በሕይወት የተረፈው በዝናብ ቸርነት አይደለም። መጋዘን ነበረ፣ የተመዘገበ ሰው ነበረ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ሰነድ ነበረ።

ግን ድርቅ ጊዜ ይሰጣል። በልጉ ሲቀር፣ ከብቱ ሲከሳ፣ የእህል ዋጋ ሲወጣ ወራት አሉ። ጎርፍና ናዳ የሚሰጡት ሰዓታትን ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ በሌሊት በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ስትመታ ዝናቡ የወረደው ከላይ፣ ከደጋው ነበር። ደጋው ላይ ዝናቡን ያየ ሰው ነበረ፤ ታች የተኛ ሰው ነበረ፤ በመካከላቸው ማንም አልነበረም። እኔ ስለ ፖሊሲ ሳስብ የማስበው ስለዚያ መካከል ነው።

ጎፋም አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ሮጦ መጣ፤ በእጅና በአካፋ ሲቆፍር ተራራው ዳግመኛ ተናደና ለማዳን የመጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለነፍስ ሊደርሱ የሄዱ ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደረቴ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። የኛ ሰው አንዱ ሲጮህ ሌላው አይተኛም። ይህን ደግነት ማንም አላስተማረውም። «ቆዩ፣ መሬቱ ገና አልረጋም» የሚለው ዕውቀት ብቻ አብሮት አልነበረም።

እንግዲህ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ከሆነ፣ በሠንጠረዣችን ላይ ጎረቤት የት አለ? የጎረቤት ድርጅት ደግሞ እድር ነው። ፍልውሃ ከመድረሴ በፊት ይህ ሐሳብ ያዘኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

የአክስቴን እድር መዝገብ አይቼዋለሁ። በእጅ የተጻፈ፣ ጫፉ የተላጠ ትልቅ ደብተር ነው። በየአባሉ ስም ሥር ባል፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አብረው የሚኖሩ ወላጆች በሙሉ ተዘርዝረዋል፤ ማን ሲሞት ስንት እንደሚከፈል ደንቡ ስለሚለይ አንድም ሰው አይዘለልም። በየትኛው ቤት ከአልጋ የማይነሡ አዛውንት እንዳሉ ከዚያ ደብተር የበለጠ የሚያውቅ የመንግሥት መዝገብ የለም። ድንኳን አላቸው፣ ድስት አላቸው፣ አግዳሚ ወንበር አላቸው። ከሁሉ በላይ ጥሩምባ ነፊ አላቸው። የተባበሩት መንግሥታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2027 ድረስ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው አቅዷል፤ መልካም ነው፣ የስልክ መልእክቱም ይላክ። አክስቴ ግን ማታ ስልኳን ታጠፋለች። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ሲነፋ ነጠላዋን ጎትታ ከበሩ ላይ ትገኛለች። ያ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ለምንድን ነው?

ይህን ለጋሼ ታ. ስነግራቸው ዝም ብለው አደመጡኝና ሁለት ነገር አነሡ። እሳቸው የእድር ዳኛ ሆነው ስለኖሩ ነገሩን ከውስጥ ያውቁታል። አንደኛ፦ «ጎርፍ ይመጣል ብለን ነፍተን ጎርፉ ቢቀርስ? ደግመን ነፍተን ደግሞ ቢቀርስ? የእውነት ሰው የሞተ ዕለት ማን ይወጣልናል?» ሁለተኛው ይበልጥ ከበደኝ። «እድርተኛው እኮ የለም፤ ተበትኗል» አሉ። የካዛንቺስ ሰፈር ሲነሣ ብዙ ሰው ገላን ጉራ ገባ። ከእድርተኛው ከፊሉ ዛሬም መዋጮውን ይልካል፣ ለቀብር ይመጣል። ስሙ ከደብተሩ አልተሰረዘም፤ ጥሩምባው ግን ከዚያ አይሰማም። ከተማ ሲታደስ የሚፈርሰው ግድግዳ ካሣ ይገመትለታል። ሌሊት በር አንኳኩቶ የሚቀሰቅስ ጎረቤትም ከአደጋ መከላከያ መሣሪያ ተቆጥሮ አብሮ መታሰብ ነበረበት እላለሁ፤ በረቂቁ ውስጥም እንዲገባ እከራከራለሁ።

የቸገረኝ ግን እንዴት እንደማስገባው ነው። እድርን ተባባሪ ብዬ ብጽፈው እንደ ጌጥ ተጠቅሶ ይቀራል። ዋና ፈጻሚ ነው ብል በመበለቶችና በጡረተኞች መዋጮ ላይ የመንግሥትን ሸክም እጭናለሁ። በጀት ይመደብለት ብል ሪፖርትና ኦዲት ይከተላል፤ ዳኛውን የሚመርጠው ሰፈሩ መሆኑ ይቀርና ወረዳው ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ለሐዘን ነው ወይስ ለስብሰባ ብሎ ያመነታል። አክስቴን ከአልጋዋ የሚያስነሣት መተማመን ነው፤ መተማመን ደግሞ በደብዳቤ አይታዘዝም። እንግዲህ በስተቀኝ ባለው የገንዘብ ምንጭ ሳጥን ውስጥ ምን ልጻፍ? እድሩን የመንግሥት ሳያደርገው የሚደግፈው ሕግ እንዴት ይረቀቃል?