የእትዬ ቀይ እርሳስ

እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት የእትዬ አርባ ወጣ። ከዝክሩ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጉባኤ ፊት ቆሜ ልመሰክር ነበር ሐሳቤ፤ እንባዬ አላናግር አለኝ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እትዬ እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንድ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። እሳቸው ዘንድ የመጽሐፍ መዋሲያ ካርድ ስታወጣ ከፊት ስምህ ይጻፋል። ከጀርባው ደግሞ የደም ዓይነትህ፣ በቀይ እርሳስ። «18 ሞልቶሃል? ከ45 ኪሎ በላይ ነህ?» ይላሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። ሰው ግራ ይገባዋል። እሳቸው ግን «የተዋሰውን በጊዜው የሚመልስ ሰው፣ በሌሊት ቢጠሩትም ይመጣል» ይሉ ነበር።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተብን። ሚስቴ ጻድቃኔ ማርያም ድረስ ሄዳ፣ ተጠምቃ፣ ተስላ ያገኘችው ልጅ ነው። ከቀብር እንደተመለስኩ ማተቤን በጠስኩ። እናቴ እያየችኝ። «አንተ ዝም ካልክ እኔም ዝም እልሃለሁ» አልኩት ፈጣሪን። ይቅር ይበለኝ። ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጥኩም። እትዬ የደም ዓይነቴን የጠየቁኝም በዚያ ሰሞን ነው። «ለማን ብዬ?» ብያቸው ወጣሁ። ምንም አልመለሱልኝም።

ኅዳር 2012 ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውርጩ አጥንት ይገባል። ሚስቴ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። የልጅቷን ድምፅ ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ሲል አዋላጇ እየሮጠች ወጣች። ጓንቷ እስከ ክንዷ ደም ነው።

«ደሙ አልቆም አላት። ኦ ኔጌቲቭ ናት፤ ኦ ኔጌቲቭ ደግሞ ከራሱ በቀር ሌላ ደም አይቀበልም። ያለንን አንድ ከረጢት ሰቅለንላታል። ሰው ፈልግ!»

«የኔን ውሰዱ» አልኩ። መረመሩኝ። ኤ ፖዘቲቭ። አይሆንም።

ግቢው ውስጥ ቆሜ የማውቀውን ሰው ሁሉ ስም በአእምሮዬ ቆጠርኩ። የማንንም የደም ዓይነት አላውቅም። ያኔ ቀይዋ እርሳስ ትዝ አለችኝ። ስልክ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሱት። ነገርኳቸው።

«ባጃጅህ ነዳጅ አላት?»

«አላት።»

«ና በላ።»

ነጠላቸውን በጋቢ ላይ ደርበው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ስንደርስ መብራት የለም። ዘበኛው ሳያጉረመርም ከፈተልን፤ እሱን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እትዬ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ወደ ካርዱ መሳቢያ ገቡ። እኔ ደጅ ቀረሁ፤ እግሬ ተንቀጥቅጦ መቆም አልቻለም። በመስኮቱ የሚታየኝ በመደርደሪያዎቹ መሃል የምትሄድ አንዲት ትንሽ ብርሃን ብቻ ናት። ይህችን ከተማ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ሲወርድ አይተው ስሟን እንዳወጡላት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት ያንን ነው። ሌላ ምን እላለሁ?

አራት ካርድ ይዘው ወጡ።

አንደኛው ሰው ከተማ ለቋል። ሁለተኛዋ ደጃፏን ከፍታ አለቀሰች፤ ደም ከሰጠች ገና አንድ ወሯ ነው፣ ሦስት ወር መሙላት አለበት። የሦስተኛውን ቤት ስንፈልግ ውሻ ከበበን። የባጃጇ መስታወት በውርጭ ታውሯል፣ በክንዴ እየጠረግሁ ነው የምነዳው። ድንገት አፌ ራሱ ተከፈተ። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ሁለት ዓመት ያልጸለየ አፍ! እትዬ ከኋላዬ ተቀበሉኝ፤ «ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።» እያለቀስኩ ነዳሁ።

ሦስተኛው ሰው ባለሱቅ ነው፣ ሙስሊም ወንድማችን። ነገሩን ሳንጨርስ «ቢስሚላህ» ብሎ ጃኬቱን አነሳ። አራተኛዋ በዚያው ዓመት 18 የሞላት ተማሪ ናት። እናቷ «ልጄን ብቻዋን በሌሊት አልለቅም» አሉና ጋቢ ተከናንበው አብረው ተሳፈሩ። ባጃጇ አምስት ሰው ይዛ ዳገቱን እንዴት እንደወጣች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ደሙ እስኪመረመር፣ እስኪሰቀል። አማቴ ግድግዳው ሥር ተንበርክካ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች። እኔ ምንም የምለው ጠፋኝ። «አንተን ስለሰደብኩህ እሷን አትቅጣት» ብቻ አልኩ። ደጋግሜ። ዶሮ ሲጮህ አዋላጇ ወጣች። ፊቷን አይቼ አወቅሁ። «ቆመ» አለች።

አዋላጇ እህቴ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም፤ እናንተም ሐኪሞቹ እንዲሁ። እግዚአብሔር የልፋታችሁን ዋጋ ይክፈላችሁ።

ሚስቴ አገግማ ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ክርስትና እናቷ እትዬ ናቸው። በዚያው ቀን እኔም ማተቤን አሰርኩ። በ2014 ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከተማችን ሲጠለሉ፣ ለልጆቹ መጽሐፍ በማዳበሪያ አስጭነው የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። የምጭነው እኔ ነኝ። ሒሳቤን ግን አንድም ቀን አላስቀሩብኝም፣ ብለምናቸውም።

ደም ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እሰጣለሁ። የደም ዓይነቴን ግን ካርዴ ላይ አላስመዘገብኩም ነበር፤ በእሳቸው ዘንድ ስላፈርኩ ይመስለኛል። ትናንት ከዝክሩ በፊት ልጄን ይዤ ሄድኩ፣ አንደኛ ክፍል ገብታለችና ካርድ ላወጣላት። በእትዬ ወንበር የተቀመጠችውን ልጅ የኔንም ካርድ እንድታወጣልኝ ጠየቅኋት። ጠርዙ ተበልቷል። ገለበጥኩት። የደም ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ፣ በእትዬ እጅ፣ በስሱ እንዲህ ተጽፏል፤ «ይመጣል»።

ልጄ «አባዬ ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ከዚያ ልጅቷን ቀይ እርሳስ አለሽ ወይ አልኳት።