ደብዳቤውን ስጠብቅ ወንዙ አመለጠኝ

የባህር ዳርቻ በአፈር ሲሞላ ኮራሉና (ድንጋይ መሳዩ የባህር እንስሳ) የባህር ሣሩ እንዴት ክትትል እንደሚደረግባቸው የሚያስረዳ መመሪያ ያነበብኩት አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ነው። ባህር ያየሁት በዕድሜዬ አንዴ፣ ጅቡቲ ሄጄ ነው።

ነገሩ ግን ገባኝ። ሙሌት ውሃ ያደፈርሳል፤ ድፍርሱ ብርሃን ይከለክላል። ኮራል ውስጥ የሚኖረው አልጌ ያለ ብርሃን ምግብ አይሠራም፣ የባህር ሣሩም ደለል ከተጫነው ይታፈናል። ስለዚህ ሙሌቱ ሳይጀመር ትለካለህ፤ ሙሌቱ የማይደርስበት ሌላ ቦታም ለማነጻጸሪያ አብረህ ትለካለህ። እኛ ሰፈር ወንዙ ዳር አፈር ሊደለደል ነው ሲባል ቀበናም ያው ነው ብዬ ተነሳሁ።

ዕቃው አላስቸገረኝም። አንድ ሜትር ግልጽ ቱቦ ገዛሁ፣ ከቀለም ባልዲ ክዳን ክብ ቆርጬ ግማሹን አጠቆርኩና ከሥሩ ለጠፍኩት። ውሃ ትሞላለህ፣ ክቡ ከዓይን ሲጠፋ ከፍታውን ትጽፋለህ። አንጄሎ ሴኪ የተባሉት ጣሊያናዊ ቄስ በ1865 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ላይ ከመርከብ ክብ ሰሌዳ እያወረዱ የሞከሩት ዘዴ ዘመድ ነው። የውሃውን ንጽሕና ለሚናገሩት የወንዝ ትሎች የዱቄት ወንፊት፣ ለእጄ ረጅም ጓንት። ጓንቱን አደራ፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል።

ከዚያ ሕጋዊ ልሁን አልኩ። ሞኝነቴ!

መጋቢት ላይ ማመልከቻ ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ።

«ጥናቱ የማን ነው?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«የራሴ።»

«የራስህ ማለት፣ የየትኛው ተቋም?»

ተቋም የለኝም ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሳምንቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ በሌላው ሳምንት ተመርቶልሃል፣ ግን ለማን እንደተመራ አይታወቅም። ሚያዝያን ሙሉ መዝገብ ቤት ደጃፍ ቆሜ ጨረስኩት፤ አንድ ቀን ፋይሌ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ አገኘሁት፣ ክብ የሻይ ምልክት እስከ አሁን አለበት። ቱቦው በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤቴ በር ጀርባ ቆሞ ነበር። ከቢሮው እስከ ድልድዩ በእግር 15 ደቂቃ ነው። አንድ ጠዋት እንኳ ወርጄ አልለካሁም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ግንቦት ላይ ኤክስካቫተሩ ገባ። ሰኔ ላይ ደብዳቤው ወጣ፤ ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ «በቀጨኔ ወንዝ ላይ ለሚያደርጉት ጥናት» ይላል። ላስተካክለው ስል ሰውየው «ወንዝ ያው ወንዝ አይደል ወንድሜ?» አለኝ።

ወረድኩ። ክቡ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠፋ። ታዲያ ከአፈሩ ነው ከዝናቡ? ክረምት ሲገባ ቀበና ከእንጦጦ ጀምሮ ቡናማ ነው። ሽቅብ ሄጄ ማነጻጸሪያ ብዬ የያዝኩት ቦታ ደግሞ ከመኪና እጥበት በታች ሆኖ ተገኘ፤ ይሄኛው ጥፋት የማንም አይደለም፣ የኔው ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረው ቀይ ትል ብቻ ነበር፤ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ መኖር የሚችል፣ ቅላቱም ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው። ጭራዋ ሦስት ክር የሆነችውን፣ ንጹሕ ውሃ የምትወደውን ትል አላገኘሁም። ድሮ ትኑር አትኑር በምን ልናገር? ዳር ላይ ጎመን የሚያጠጡ አንዲት እናት አይተውኝ «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው።

«መጀመሪያ ፈቃድ» ይሏችኋል። እኔ ግን ከሕዝብ ድልድይ ላይ ባልዲ በገመድ አውርዳችሁ ዛሬውኑ ቅዱ እላለሁ፤ ደብዳቤው በጎን ይምጣ። በጋውን አታሳልፉት። ሽቅብ ያለውን ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ዳሩን በእግር ሂዱበት። ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ ማንሳት ግን ይቅርባችሁ፣ ጥበቃዎቹ ጋ ግማሽ ቀን ትውላላችሁ።

አሁን ሌላ ወንዝ፣ ግንፍሌ ላይ ነኝ። እዚያ ገና ማንም አካፋ አላነሳም። ከጥቅምት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እለካለሁ፤ ትናንት ክቡ 31 ላይ ጠፋ። የቀጨኔውን ደብዳቤ በፕላስቲክ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ፤ ጥበቃ ሲጠይቀኝ ማህተሙን አሳየዋለሁ። እስከ ዛሬ የወንዙን ስም ያነበበ የለም።